ሦስት ነጥብ ያለበት ብረት

ዓምሃ ፊያቷን ከአባቱ ሲወርስ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። አሁን ስልሳ አንድ ሞልቶታል፤ ከኤሌክትሪክ ሠራተኝነቱም ጡረታ ወጥቷል። ቤቱ ቀጨኔ ነው። መኪናዋ ከግቢ የምትወጣው አልፎ አልፎ ቢሆንም አንዱ ቀን አይቀርም ነበር፤ ጉልበቷን የሚያማት ባለቤቱ የሺ ወር በገባ በሃያ አንድ ቁስቋም ማርያምን የምትሳለመው በእርሷ ተሳፍራ ነው።

ባለፈው ጥር አሮጌው መሪ ሁለት ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ዓምሃ በዚያ ዘመን አምሳል የተሠራ፣ ዙሪያው እንጨት የሆነ መሪ ከሶማሌ ተራ ገዛ። መሪው ያምራል፤ ከመኪናዋ የመሪ ዘንግ ጋር ግን አይገጥምም። በውስጡ የዘንጉን ጥርሶች የሚነክስ፣ በፊቱ የመሪውን ስድስት ብሎኖች የሚቀበል አዳፕተር ያስፈልገዋል። ሦስት ቅዳሜ ዞረ። የቮልስ አለ፤ የፊያት የለም።

«እኔ እያለሁልህ ምን ያንከራትትሃል?» አለው መሸሻ።

መሸሻ ቁልቁለቱ ላይ ቶርኖ ቤት ያለው ብረት ቀራጭ ነው። ከዓምሃ ጋር በአንድ የመድኃኔዓለም ማኅበር ሃያ ስድስት ዓመት ጽዋ ጠጥተዋል። «ናሙና ተውልኝ» አለው። የቶርኖ ቤት ሥራ እንዲህ ነው፤ አሮጌው ዕቃ ይቀመጣል፣ አዲሱ በእርሱ ልክ ይወጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ዓምሃ ደረሰኝ ይጠይቅ ነበር። የጽዋ ወንድም ግን ደረሰኝ አይጠየቅም። የአሮጌውን መሪ ዙሪያ በመጋዝ ቆርጦ ጥርሳሙን መሐል ሰጠው። ፊያቷ ሸራ ለበሰች።

የካቲት ላይ መብራት ጠፋ ተባለ። መጋቢት ላይ ብረት ታጣ።

«መሼ፣ ምን ደረሰ?» አለ ዓምሃ በሚያዝያ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥርሱ እኮ አስቸጋሪ ነው! ጣሊያኑ ራሱ መጥቶ ካልቀረጸልህ...»

«እንግዲያው ናሙናውን መልስልኝ፤ ሌላ ቦታ ልሞክር።»

«እዚሁ የሆነ ቦታ ነው፣ እፈልግልሃለሁ። ደግሞ ከእኔ ሌላ? አታፍርም?»

ተሳሳቁ። የሺ አራት ሃያ አንዶችን ቤቷ ተቀምጣ አሳለፈች።

በግንቦት መጨረሻ ዓምሃ አዲሱ ገበያ ታክሲ ሲጠብቅ ከጎሚስታው ደጃፍ የቆመች ፊያት አየ። መሪዋ እንጨት ነው። ዓምሃ አፍጥጦ ሲያያት ባለቤቷ፣ ዮናስ የሚባል ወጣት፣ ደረሰበት።

«ወደዷት ጋሼ? ይግቡ፣ መሪውን ይያዙት!»

«አዳፕተሩን ከየት አገኘኸው?» አለ ዓምሃ ገብቶ መሪውን እየያዘ።

«ቀጨኔ መሸሻ የሚባል ሰውዬ አለ፤ ጉደኛ ነው! በአሥር ቀን ጨረሰልኝ። የካቲት መጀመሪያ ላይ። ይዩት እንጂ» ብሎ የጡሩንባውን ክዳን አነሳ።

ዙሪያው አዲስ ብረት ነው፤ መሐሉ አሮጌ። በብየዳ ተያይዘዋል። አሮጌው ላይ ሦስት ነጥቦች አሉ፤ መሪው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ እንዲገጠም የዓምሃ አባት በሹል ብረት የመታቸው። መሸሻ ጥርሱን መቅረጽ አቅቶት የተቀረጸውን የዓምሃን ናሙና ወስዷል።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለ ዓምሃ፤ ወረደ።

በሃያ ሰባት የማኅበሩ ድግስ መሸሻ ቤት ነበር። ጽዋውን ተረክቦ ለሚቀጥለው ወር ወደ ቤቱ የሚወስደው ዓምሃ ነው። ጠዋት በቶርኖ ቤቱ በኩል አልፎ «የዮናስን መኪና አየኋት» ብሎት ነበር። መሸሻ «ዛሬ ድግስ አለብኝ፣ በኋላ እናወራለን» አለው።

ዳቦው ተቆርሶ ከተበላ በኋላ የማኅበሩ አለቃ ጋሽ ሐብታሙ እንደ ልማዱ ጠየቀ፦ «የተቀያየመ አለ? ጽዋው ሳይነሳ ይናገር።»

ዓምሃ መሸሻን አየው። እንዲናገር የሚጠብቀው እርሱን ነበር።

«እኛ ዘንድ ምን ቅያሜ አለ!» አለ መሸሻ። «እኔና ዓምሃማ ወንድማማች ነን።» ጽዋውን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ዓምሃ መጣ።

ዓምሃ እጁን አልዘረጋም።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አለ ጋሽ ሐብታሙ።

«እሱ ያውቃል።»

«ለአንዲት ቁራጭ ብረት ብለህ?» አለ መሸሻ።

በማኅበሩ ፊት ስለ ብረት የተናገረ ሰው እስከዚያ አልነበረም። ጋሽ ሐብታሙ ጽዋውን ከመሸሻ እጅ ተቀብሎ ወደነበረበት መለሰው።

ዓምሃ ቤቱ ሲደርስ የሺ ለጽዋው ማስቀመጫ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ነበር።

«የታለ?»

«እዚያው ቀረ።»

የሺ ጨርቁን አጣጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰችው።