ዱላ የያዘው ሰውዬ

በቀደም ቦሌ አንድ ህንፃ ደረጃ ስወጣ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ በረኪና ደፋችና ባለሁበት ቆምኩ። የሃያ ሁለቱ ቤታችን ሳሎን ድቅን አለብኝ፤ ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ታላቅ ወንድሜ የታመመ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ።

ከላምበረት ወደ ወሎ የሚጭን ሾፌር ነበር። ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ከድቶት መኪናው እግሩ ላይ ወረደ። ቁስሉ ሲጠቁር ሐኪሞቹ «ካልተቆረጠ ትሞታለህ» አሉት። «እግሬን ከሚቆርጡኝ አንገቴን ይቁረጡኝ» ብሎ ቤት ገባ። እናቴ ለመነችው፣ ሽማግሌ ላከችበት። እሱ እቴ! በረኪና በውኃ እየበጠበጠ ቁስሉን አጥቦ ሊያድነው።

አንድ እሁድ ከሰዓት «የድብድብ ፊልም ተከራዪልኝ» አለኝ። ሽፋኑ ላይ ዱላ የጨበጠ ሰውዬ ያለበትን መርጬ አመጣሁ። ድብድብ የት አለ! ሰውዬው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ፈረንጅ የሙዚቃ ደራሲ፣ ዱላውም ምት መምቻ ሆኖ ተገኘ።

«መሪጌታ ነው እንዴ? በመቋሚያ'ኮ ነው የሚመታው» ብላ እናቴ ሳቀች። ወንድሜም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

መጨረሻው ላይ ሰውዬው በንዴት ዱላውን ሲሰነዝር የገዛ እግሩን ወጋ። ጣቱ ጠቆረ። ሐኪሙ መጋዝ ይዞ ሲመጣ እያጓራ አባረረው።

«ምን አለ?» አለች እናቴ። እንግሊዝኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የምጨፍርበትን እግር አላስቆርጥም አለ።»

«ዝጊው!» አለ ወንድሜ።

«እንዳትዘጊው! ከዚያስ?» አለች እናቴ።

ሰውዬው በትኩሳት ሲንፈራገጥ ቆይቶ ፀጥ አለ። «ሞተ» አልኩ።

ወንድሜ በርጩማውን አንስቶ ወረወረው። ቴሌቪዥኑ ፈነዳ፤ ስባሪው ግንባሬን ቀደደኝ። «ሆን ብለሽ ነው ያመጣሽው!» እያለ ፀጉሬን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ። የደሜ ጣዕም አፌ ውስጥ ገባ። እናቴ ልጇን ከነፂሙ በጥፊ አጮለችው። ሲወድቅ ፋሻው ተፈታና ክፉ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ስትበሰብስ ከማይ እኔን ግደለኝ!» ብላ ጮኸች።

ወለሉ ላይ እንደተዘረረ ብዙ አለቀሰ። በኋላ «ታክሲ ጥሩልኝ» አለ።

ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ተረፈ፤ መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጠም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንሰፈስፈኝ ግን ታክሲው እስኪመጣ የሆነው ነው። እናቴ ሳፋ አቀረበች። የመስታወቱ ስባሪ መሀል ተንበርክካ የጠቆሩትን ጣቶቹን በለብታ ውኃ አንድ በአንድ አጠበቻቸው።

«ተይው እማዬ፣ ሊጣል አይደል?» አላት።

«ቢጣልስ? እኔ አይደለሁ የወለድኩት?» አለችው፣ ቀና ሳትል።