ከቤሩት የመጣው ኮሸሽላ

ሱሩር በሐይቅ ከተማ ጫፍ፣ ውኃው ዳር ባለችው ማሳው ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ሲያለማ የኖረ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ጉልበቱ ገና የወጣት ነው፤ ያስቸገረው ሆዱ ብቻ ነበር። ማታ ማታ ጥብስ ዓሣ ካልበላ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ከበላ ደግሞ ቃሩ አያስተኛውም። ሆዱ ተነፍቶ ሲያገሳ ጎረቤት ይሰማል። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ቢያገሳ ሹፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ዳር ይዞ ቆመ፤ ወርዶም ሦስቱንም ጎማ እየዞረ በእግሩ ደበደበ። ሱሩርም ምንም እንዳላደረገ ሰው ወርዶ አብሮት ጎማ ሲመረምር ቆየ።

የእህቱ ልጅ ሱረያ ቤሩት አንዲት አሮጊት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ ሰው ሁሉ ከሻንጣዋ ሽቶ ሲጠብቅ እሷ አንድ ፓኬት ዘር አወጣች።

«አርዲሾኪ ይባላል፤ ፈረንጆቹ አርቲቾክ ይሉታል። አሮጊቷ ሆዷ ሲከብዳት እሱን ነበር የምቀቅልላት» አለችና ከጎመኑ መደብ ዳር ዘራችው።

ቅጠሉ አድጎ ሲንሰራፋ ሱሩር አየት አደረገውና ዶማውን አነሳ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኮሸሽላ ስነቅል ኖሬ፣ አንቺ በአውሮፕላን ጭነሽ ታመጪብኛለሽ?»

ሚስቱ ዑምኩልሱም መሐል ባትገባ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ አክትሞ ነበር።

በዓመቱ ተክሉ ጡጫ የሚያክል፣ ቅርፊቱ እላይ በላይ የተደራረበ አረንጓዴ እምቡጥ ያዘ። ሱረያ ለጉዳይ ደሴ በሄደችበት ቀን ሱሩር ትዕግሥት አጣና አንዱን ቆርጦ፣ ቀቅሎ፣ እንደ ድንች ገመጠው። መሐሉ ላይ ያለው ፀጉር ጉሮሮው ላይ ተሰገሰገ። ሲስል፣ ሲያስነጥስ ዋለ።

ዑምኩልሱም ጀርባውን እየደበደበች «ድመት ነው እንዴ የበላኸው?» አለችው።

ሱረያ ተመልሳ አበላሉን አሳየችው። ቅርፊቱን አንድ በአንድ እየነቀሉ ከሥሩ ያለችውን ለስላሳ ሥጋ በጥርስ መጋጥ፣ ፀጉሩን በማንኪያ ፍቆ መጣል፣ በመጨረሻ የምትቀረዋን ልብ በዘይትና በሎሚ መብላት ነው።

«ይኼ ሁሉ ድካም ለአንድ ጉርሻ?» አለ ሱሩር። ጉርሻዋ ግን ጣፈጠችው።

ሱረያ ቅጠሉንም አፍልታ ከራት በፊት አንድ አንድ ብርጭቆ ታጠጣው ጀመር። እንደ ሬት ይመራል። «ይህን እየጠጣህ ጥብስ የሚባል የለም። ጎመንና ሽሮ ብቻ!» ብላም አስጠነቀቀችው። ሦስት ሳምንት ሲሆነው ሆዱ ረገበ፤ ማግሳቱም ቀረ። በቃ፣ ሱሩር ሐኪም ሆነ።

መጀመሪያ ለሆድ ነው አለ። ቀጥሎ «ጉበት ያጥባል» አለ። ሳምንት ሳይሞላ መድኃኒቱ ስብ ማቅለጥ ጀመረ። ጠዋት ለወገብ የነበረው ከሰዓት ለራስ ምታት፣ ወደ ማታ ለሶላት ሲሰበሰቡ ደግሞ ለዓይን ሆነ። ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጦ «ምነው ቀደም ብዬ በደረስኩለት» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ሐይቁ ዳር ባለው ገዳም ውስጥ ዜማ የሚያስተምሩት ጎረቤቱ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል አንድ ቀን ጠሩት።

«ሱሩር፣ ለድምፅስ ይሆናል?»

«ለድምፅማ! ዋናው ሥራው እሱ አይደል?»

መሪጌታ አንድ ብርጭቆ ጨለጡ። ተማሪዎቻቸው የመሪጌታ ፊት ከምሬቱ ተጨማዶ ሲያዩ የተቆጡ መስሏቸው ያልተጠየቁትን ቀለም ሁሉ በቃላቸው አወረዱ። «ነገሩስ ይሠራል» አሉ መሪጌታ በማግሥቱ። «እኔ ጠጣሁት፤ ለተማሪዎቼ በጃቸው።»

ዑምኩልሱም ደግሞ ቅባት በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ከጎድኗ ሥር ይወጋታል። ለእሷማ ሱሩር ራሱ ነው የሚያፈላው፤ ወፈር አድርጎ ጠዋት ጠዋት ያቀርብላታል።

«አስቀምጠው፣ በረድ ይበል» ትለዋለች። ከማሳው ሲመለስ ብርጭቆውን ባዶ ያገኘዋል። ደስ ይለዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ወር ሞላ።

አንድ ጠዋት ግን ጎኗን ይዛ ተጠቅልላ አገኛትና ይዟት ወደ ክሊኒክ ሮጠ። ታረቀኝ የሚባል ወጣት ሐኪም በአልትራሳውንድ አያትና «የሐሞት ጠጠር ነው» አለ። «ቤት ውስጥ የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

ሱሩር ደረቱን ነፋ። «ወር ሙሉ በእጄ አጠጥቻታለሁ! አርዲሾኪ!»

የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። «አባቴ፣ ይኼ ተክል ሐሞት እንዲፈስ ያነሳሳል ይባላል። ሆዱ የሚከብደው ሰው ቀለል የሚለው ለዚያ ነው። ጠጠር ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው። ጠጠሩ ተንቀሳቅሶ መተላለፊያውን ሊዘጋው ይችላል።»

ሱሩር ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። «ያረቢ! በገዛ እጄ!»

«ተነስ፣ አንተ ሰውዬ» አለች ዑምኩልሱም አልጋው ላይ እያቃሰተች። «አንዲት ጉንጭ አልቀመስኩም።»

«እና የት ገባ?»

«መጀመሪያ ለፍየሏ ሰጠኋት፤ አሽትታ ጥላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት ነው የምደፋው።»

ሱሩር ይቆጣ ወይስ ያመስግን ጠፋው። «ወር ሙሉ ስትዋሺኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያውም ግንባሯን ሳማት። «አልሃምዱሊላህ! እንኳን ዋሸሽኝ!»

«እኔን ግን አድኖኛል» አለ ትንሽ ቆይቶ፣ ለተክሉ እየተቆረቆረ።

«ሌላ የቀየሩት ነገር የለም?» አለ ሐኪሙ።

«ጥብስ ዓሣ ትቻለሁ።»

ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እንግዲያው ግማሹን ምስጋና ለተውት ጥብስ ይስጡ። እንደ ምግብ መልካም ነው፣ ፋይበር አለው። ኮሌስትሮልም ጥቂት ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ሕክምናን ግን አይተካም።»

ዑምኩልሱም ደሴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በሰላም ተመለሰች። ሱሩር ያዘዘላቸውን ሰዎች ሁሉ ቤት ለቤት እየዞረ «ሳትመረመሩ እንዳትጠጡ» ሲል ሰነበተ። ከስብከቱ ይልቅ ማስተባበሉ ከበደው። አገሬ የምትባል የጎመን ደንበኛው ዓይን ዓይኑን አየችውና «ለራስህ ልትደብቀው ነው አይደል?» አለችው። ወላሂ ብሎ ቢምልም አላመነችውም። ጭራሽ ውጫሌ ላሉ ዘመዶቿ ደውላ «ሐኪሞቹ ሥራ እንዳይፈቱ ነው ያስከለከሉት» አለቻቸው። በማግሥቱ ከውጫሌ ሦስት ሰዎች ቅጠል ፍለጋ መጡ።

«ቅጠል አልሰጥም» አለ ሱሩር፤ «ምሳ ግን ብሉ።»

ሱረያ ዘጠኝ እምቡጥ ቀቅላ አቀረበች። እንግዶቹ ቅርፊቱን እየነቀሉ፣ እየጋጡ፣ ፀጉሩን እየፋቁ አንድ ሰዓት ሙሉ ላባቸው ጠብ እስኪል ታገሉ። ፊት ለፊታቸው የቅርፊት ክምር ቆመ። ታላቃቸው የመጨረሻዋን ልብ ዋጡና እጃቸውን ጠረግ አድርገው በትሕትና ወደ ሱሩር ዞሩ።

«አልሃምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው። እንግዲህ ምሳው መቼ ይቀርባል?»