የምንጩ እፍኝ

አያ ቡሽራ በዛሪማ ገበያ እህል ሲነግዱ የሸበቱ፣ ከጨዋታ የማይጠግቡ ሰው ነበሩ። በየገበያው ቀን ቅርጫት ይዘው በሻጮቹ መካከል ይዞራሉ፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እፍኝ እህል ይቀበላሉ። እህሉ ገበያተኛው የሚጠጣውን ምንጭ እያጠረች፣ ጭቃውን እየጠረገች ለምትጠብቀው ለጽጌሬዳ ነው። ከአባት የወረደ ወግ ነው። አያ ቡሽራንም የሾማቸው የሰው አመኔታ እንጂ ማኅተም አይደለም።

ጣሊያን መጥቶ በገበያው በር ቀረጥ ማስከፈል ሲጀምር ወጣቶቹ ሻጮች እፍኙን ነፈጉ። ምን ይፈረድባቸዋል! በር ላይ ተገፎ ለገባ ሰው ሌላ እጅ ሲዘረጋበት ደስ አይለውም። ጽጌሬዳ ግን ባዶ ቅርጫት ማየት ሲሰለቻት መጥረጉን ትታ፣ ወደ ወንድሟ አገር ልትሄድ ጓዟን ሸከፈች። አያ ቡሽራም ይህን ሰሙ።

በገበያው ቀን ማልደው ከወጣቶቹ ዘንድ ሄዱ። ማሽላ ሻጩ ፋንታሁን ቀደማቸው።

«አያ ቡሽራ፣ በሩ ላይ ከፍለን ገባን እኮ! ምነው አንቱም?»

«የበሩ ቀረጥ ምን ሠራልህ?»

«መንገድ።»

«ሸጋ መንገድ ነው፤ አልዋሽም። የማን ማኪና ይሄድበታል?»

ወጣቶቹ ሳቁ።

«ቀረጤ የት ገባ ብለህ በሩ ላይ ብትጠይቅስ?»

«ጅራፍ ነዋ!»

«እንግዲያው እኔን ጠይቀኝ።»

«እሺ፣ የኛ እፍኝ የት ይገባል?»

«ተነሥ፣ ላሳይህ።»

ወጣቶቹን አስከትለው ምንጩ ዘንድ ወሰዷቸው። አጥሩ ወድቋል፤ ከብት ገብቶ ውሃውን ጭቃ አድርጎታል። ፋንታሁን ሊጠጣ ጎንበስ ብሎ ተመለሰ።

«እኛው ብንጠርገውስ?» አለ አፍሮ።

«ጥረገው! ማሽላህን ማን ይሸጥልሃል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ እፍኙም እንደዚያው ነው።»

ገበያ ሲደርሱ ፋንታሁን ሁለት እጁን ሙሉ ማሽላ ዘገነ፤ ሌሎቹም ጤፉን፣ ሰሊጡን ጨመሩ። ቅርጫቱን ራሱ ተሸክሞ ጽጌሬዳ ደጅ ሲያደርስ አያ ቡሽራ በደስታ ከኋላው ያንጎራጉሩ ነበር።

ጽጌሬዳ ቅርጫቱን አየችና ጓዟን ፈታች። ከስንቋ አንድ እፍኝ ዘግና ከእህሉ ላይ ጨመረችበት።

«ምነው እቴ? ላንቺ የመጣ እኮ ነው!» አላት ፋንታሁን።

«እኔስ ከምንጩ አልጠጣም?»