የፎርድስበርጓ ልዕልት

እኔ ባህሪያ፣ ወሬ አልወድም፤ ወሬ ነው እኔን የሚወደኝ። በኮሮና ጊዜ እዚህ ደቡብ አፍሪካ ሎክዳውን ተብሎ፣ ጆበርግ ጄፒ ሰፈር ያለው የብርድ ልብስ ሱቄ ሲዘጋ፣ ትሮይቪል ቤቴ ቁጭ ብዬ ከጎረቤቴ ከጎጎ ሚያ ጋር በአጥር ወዲህና ወዲያ ማውራት ሆነ ሥራዬ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ጎጎ ነው የሚባለው።

አንድ ቀን "አያቴ የበርማ ንጉሥ ልጅ ነበረች" አለችኝ። ማስኬን ዝቅ አድርጌ ሳቅሁ። "ጎጎ፣ ጆበርግ መጥቶ የንጉሥ ዘር ነኝ ያላለ ማን አለ? የኛ ሰው እንኳ ግማሹ ባላባት ነው!" አልተቀየመችም። "ስሚኝ ብቻ" አለች።

ልዕልቲቱ ኪን ሱ ትባላለች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች እንግሊዞች አገሯን ያዙ፤ አባቷን ከዙፋኑ አውርደው ቤተሰቡን በመርከብ ወደ ህንድ አጋዙት። እዚያ ቀለብ እየተሰፈረላት አደገች። ያለ እንግሊዝ ፈቃድ አገሯ መግባት ይቅርና ባል ማግባት እንኳ አትችልም። እሷ ግን አንድ ልብስ ሰፊ ወደደች፤ ማንንም ሳታስፈቅድ አገባችው። ቀለቧ ተቆረጠ። ሰውየው ጆበርግ አመጣትና በአምስት ዓመቱ ሞተባት።

እዚሁ ጆበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ በባሏ የስፌት መኪና እየሰፋች ኖረች። ልማዷን ግን አልተወችም። በነሱ ቤተ መንግሥት ከንጉሥ ልጅ በላይ ማንም አይቀመጥም፤ የንጉሥ ልጅም መሬት አትቀመጥም። ስለዚህ የሻይ ሳጥን ደራርባ፣ ምንጣፍ አልብሳ፣ እላዩ ላይ ወጥታ ነው የምትሰፋው። ልብስ የሚያሰፋ ሁሉ አጭር በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የግቢው ሰው "ግርማዊት ሆይ፣ ሱሪዬ ደረሰ?" እያለ ይስቅባት ነበር። መቼም የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

በየዓመቱ ለእንግሊዝ ሹም "አገሬ ልግባ" ብላ ትጽፋለች። ሌላ ምኞት የላትም። መልስ ግን የለም። ወላሂ፣ እኔም ፔፐሬን፣ የስደተኛ ወረቀቴን፣ ለማሳደስ አሥራ አንድ ዓመት የተሰለፍኩ ሰው ነኝና ይሄን ስሰማ ወደ አጥሩ ጠጋ አልኩ።

በፈረንጆቹ 1918 ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት ወረርሽኝ ገባ። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ከልዕልቲቱ አጠገብ የምትኖር ልብስ አጣቢ አንድ ጠዋት ሞተች፤ ባሏ ሳምንት ቀድሟታል። የስምንት ወር ልጃቸው ትኩሳት ይዟት መሬት ላይ ብቻዋን ታለቅሳለች። በሽታው ይይዘኛል ብሎ የሚነካት ጠፋ። ልዕልቲቱ ከሳጥኗ ወርዳ ሄደች። መሬት ቁጭ አለችና ልጅቱን ታቅፋ በማንኪያ ውሃ ታጠጣት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን አንድ እንግሊዛዊ ሹም መጣ። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኗል፤ ደጃፉን አላለፈም። "ልዕልት ኪን ሱን ፈልጌ ነው" አለ። "አገሯ እንድትገባ ተፈቅዶላታል። ግን ዛሬ ማታ የደርባንን ባቡር ካልያዘች መርከቡ ያመልጣታል፣ ፈቃዱም ይሰረዛል። ከሷ ሌላ ሰው አይጫንም።" የንጉሥ ልጅ መሬት እንደማትቀመጥ ፋይሏ ላይ አንብቧል። ስለዚህ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየና "እመቤትሽን ጥሪልኝ" አላት።

ያ አላህ! ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ፊቷ ቆሟል። ብድግ ብሎ "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር።

"ሞታለች" አለችው።

ሹሙ ወረቀቱ ላይ ጻፈው፣ ባርኔጣውን አነሣላትና ሄደ።

"አብዳለች እንዴ!" ብዬ ስጮህ የማዶው ውሻ መጮህ ጀመረ። "በኋላስ? አልሞትኩም ብላ አልጻፈችም?"

"የሞተ ሰው ደብዳቤ ማን ያነባል?" አለች ጎጎ ሚያ። "እስከ ሰባ ሦስት ዓመቷ ስትሰፋ ኖረች። እዚሁ ጆበርግ ነው የቀበርናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።"

ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። "ለሰው ልጅ ብላ? የራሷን ልጆች አገር አሳጥታ?"

"እሷማ አልወለደችም" አለችኝ። "ያቺ ሕፃን እናቴ ናት።"