ከፊደሉ በኋላ የታየው ሰውዬ

ፈለቀ በ1997 ዓ.ም. መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ነጋሳ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም ተርጓሚ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ ያደርግና ማይክ ይዞ ጀግናውንም፣ ጠላቱንም፣ አሮጊቷንም ብቻውን ይሆናል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። ቡጢ ሲሰነዘር የገዛ ጭኑን በጥፊ ይላል። አቦ፣ ቤቱ ሲገባ ጭኑ ቲማቲም መስሎ ነው!

እናቱ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ግን ያፍሩበት ነበር። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ የነበሩት የሟቹ የአቶ አብተው ሚስት ናቸውና ልጃቸው ለፋፊ ሆነ መባሉን አልወደዱትም። አጋሮ የጸሐፊነት ቦታ መውጣቱን ሲሰሙ ቁርጡን ነገሩት፤ ሰኞ ሄዶ ይመዝገብ፣ አለዚያ ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። ፈለቀ የእናቱን ቃል ተላልፎ አያውቅም። ቅዳሜ የመጨረሻ ቀኑ እንዲሆን ወሰነና ለአንድ ቀን እንኳ መጥተው እንዲያዩት ለመናቸው። መጡለት።

የዚያን ቀኑ ፊልም ከድብድብ ጌም የተሠራ ካርቱን ነው። ሲዲውን ያመጣው ጀማለዲን የሚባል፣ ያንን ጌም ሲጫወት ያደገ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር ፈለቀ እንደ ልማዱ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። እዚያ ቤት ፊደል መጣ ማለት ውጡ ማለት ነው፤ አንብቦ የሚያውቅ የለም። ጀማለዲን ግን ከፊደሉ በኋላ የፊልሙ አሠራር እንደሚታይ በወላሂ ምሎ አስቆመው።

እውነትም አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ማይክ ፊት ቆሟል። ወደ ግራ ሲዞር ጀግናውን ይሆናል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ጠላቱን፤ ራሱን በራሱ ሲሰድብ ይውላል! የአጥንቱ ስብራት ድምፅ ደግሞ የተጠመዘዘ ጥቅል ጎመን ሆኖ ተገኘ። ጀማለዲን ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ ያነባል፣ ፈለቀ ይተረጉማል። ጎመኑ ላይ ሲደርስ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ፈለቀ ግን ራሰ በራውን እያየ እንባው መጣ። ለካ እዚያ አገርም እንደሱ ያለ ሰው አለ።

የሰውዬው ስም በትልልቁ ተጽፎ ወጣ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ስሙ የተጻፈለት ለዚሁ ሥራው እንደሆነ ጠየቁ፤ ጀማለዲንም አዎ አላቸው።

«የልጄስ ስም የት አለ?» አሉ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ነጋሳ አንገቱን ደፋ።

ሰኞ ጠዋት ፈለቀ ፎቶግራፉንና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ወደ አጋሮ ሊሄድ ወጣ። ነጋሳን ሊሰናበት በቪዲዮ ቤቱ በኩል ሲያልፍ በሩ ላይ የተደገፈውን ጥቁር ሰሌዳ አየና ቆመ። ዛሬም ይህን ሲያወራ ጀማለዲንን ሳይመርቅ አያልፍም፤ ያ ልጅ ባያስቆመኝ ኖሮ ፊልሙን አጥፍቼው ነበር ይላል።

ሰሌዳው ላይ፣ ከፊልሙ ስም ሥር፣ ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ጠመኔ ባልነኩት በእናቱ የተንጋደደ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ «ተርጓሚ ፈለቀ አብተው።»