ስልኮቹ የተቆለፉ ዕለት

ቦክ ሚራን ጆንጁ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ የተማሪዎች ምክር ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ተማሪዎቹን የስልክ ሱስ ምን ያህል እንደያዛቸው የሚለካውን መጠይቅ ማደል፣ መሰብሰብና ነጥቡን መደመር ነው። «ስልኬ ከእጄ ሲርቅ እበሳጫለሁ»፣ «ሳይጮህም የጮኸ ይመስለኛል» የሚሉትን ጥያቄዎች በቃሏ ታውቃቸዋለች። ለዚህ ሥራ እሷን የመረጣት ሰው ግን ምንኛ ተሳስቷል፤ ከግቢው ሁሉ የባሰባት ራሷ ነበረች።

ምክንያት አላት። በአዲስ ዓመት ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሾርባ እየተበላ ሳለ፣ ልጇ ዳንቢ ትምህርቷን አቋርጣ ፀጉር ቤት መቀጠሯን ሚራን አጎቶቿ ፊት አንስታ ልጅቷን አሳፈረቻት። ዳንቢ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወጣች፤ ከቤት ርቃ ቡሳን ከተማ ገባች። ሚራን ጠዋት ጠዋት መልእክት ትልክላታለች። ከላኩት ጽሑፍ ጎን «1» የምትል ቁጥር ትቀመጣለች፤ ተቀባዩ ሲያነበው ትጠፋለች። ዳንቢ ታነባለች፣ አትመልስም። እናትም የቁጥሯን መጥፋት እንደ ሰላምታ ቆጥራ ትውላለች። በዚህ የሚስቅ ሰው ልጅ ርቆት አያውቅም።

አንድ ሐሙስ የምክር ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር አዲስ ነገር አመጡ። ተማሪዎቹ ከምሳ በፊት ስልካቸውን አስረክበው፣ እስኪመሽ ያለ ስልክ ቆይተው መጠይቁን እንደገና ይሞላሉ። ሚራን ስልኮቹ የሚቆለፉበትን ሳጥን ይዛ ስትዞር፣ ሶክጁ የሚባል ቀልደኛ ተማሪ አስቆማት።

«እትዬ፣ የእርስዎስ?»

«እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ አይመለከተኝም።»

«ታዲያ ምነው ኪስዎን ጨበጡት? ሌባ የመጣብዎ አስመሰሉት እኮ።»

ክፍሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩም ፈገግ ብለው፣ «እውነቱን ነው፤ እርስዎም ያስገቡና አርአያ ይሁኑ» አሏት። አለቃ ያውም ሰው ፊት ሲናገር እምቢ አይባልም። አስገባች።

ያን ከሰዓት እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ናት የምታውቀው። እጇ ሳታዝዘው ኪሷ ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል። ሶክጁ አይቷት ወንበር ሳበና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ማንን ነው የሚጠብቁት?» አላት በለሆሳስ።

«ልጄን።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደባትም።

ሊመሽ ሲል ሳጥኑ ተከፈተ። ከዳንቢ መልእክት መጥቷል! ሚራን ስልኳን አፈፍ አደረገች። ስትከፍተው ግን «ይህ መልእክት ተሰርዟል» ይላል። የተላከው ቀትር ላይ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባት። ልጅቷም ቡሳን ሆና ያችን «1» ስታይ ውላለች። ድሮ ስትጽፍላት ቶሎ የምታነብ እናት ዛሬ ሳታነብ ስትቀር፣ ተቀይማኛለች ብላ አጠፋችው።

መልስ መጻፍ ጀመረችና ተወችው። የዘንድሮ ልጆች ሳይታሰብ የሚደወል ስልክ ያስደነግጣቸዋል፤ ዳንቢም «ጻፊልኝ እንጂ አትደውይልኝ» ባይ ናት። ናፍቆቱ ግን ከልክ አልፎ ነበርና ደወለች። ብዙ ጠራ። ተነሣ።

«ዳንቢዬ፣ ስልኬን ቆልፈውብኝ ነው። ምን ብለሽኝ ነበር?»

ከልጅቷ ኋላ የፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል።

«ምንም። ምሳ በላሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ሚራን ምሳዋን በልታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ ተማሪ ሁሉ እያያት፣ እንባዋ ወረደ።

«አልበላሁም» አለች። «ነይና አብረን እንብላ።»

ማድረቂያው ጠፋ።

«ማክሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው» አለች ዳንቢ።