አልጋ ሥር የቀረች ተረት

እኛ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው የስደቱን ነገር ሲጽፍ ሌሊት ወጣሁ ይላል፤ እኛን እስከ ሌሊት ማን ያቆየናል? ልጄን አውድማው ላይ ጤፍ ሲያበራይ በጥይት መቱት። መንሹን እንደ ጨበጠ ወደቀ። ቀብረነው ሣልስቱን ሳናወጣ ቤታችንን እሳት በላው። ማን እንደ ለኮሰው ያየ የለም፤ ያየም አይናገርም። ከመርጡለ ማርያም ወዲህ ያለችው መንደራችን ስትጨስ ምራቴ ይታይሽ ትንሹን አዘለች፣ እኔ የትልቋን እጅ ያዝኩ። ሚስቴ ጥሩዬ «የልጄን መቃብር ለማን ትቼ?» ብላ እህቷ ቤት ቀረች። እኔ ግትር ነኝ፤ እሷ ትብሳለች።

እስከ ጉንደ ወይን በእግር፣ ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ በአይሱዙ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን። መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ አስቆመን።

«መታወቂያ!»

«ተቃጥሏል።»

«እንዴት ተቃጠለ?»

«ቤቱ ሲቃጠል እሱን ማን ያወጣዋል?»

«ቤቱንስ ማን አቃጠለው?»

«እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር።»

በሰደፍ ትከሻዬን አለኝ። እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። ከዚያ የልጅ ልጄን ጉንጭ ዳበሰና «ሂዱ» አለን። በዚያው እጁ።

ማርቆስ አንድ ክፍል ተከራየን። ብርዱ ያው የእኛው ብርድ ነው፤ ሰላምታው ግን አጭር ነው። ወተቱ በላስቲክ ይሸጣል፤ አገር ቤት ለጥጃ የምንተወው ይሻላል። ይታይሽ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥባለች፤ ጧት ወጥታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ትገባለች። ማስተዋል አምስት ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ዳኜ ሦስት ተኩል። እዚህም ከተማው ውስጥ ይተኮሳልና የሰፈሩ ኬጂ ተዘግቷል። እንግዲህ ኬጂው እኔ ሆንኩ። የእኔ ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት የተረፈ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም በሬ ጠምጄ ቀረሁ።

ጎረቤታችን መምህርት ሰናይት የተዘጋው ኬጂ አስተማሪ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ከጧት እስከ ማታ ፊደል ሳስጮኻቸው ሰምታ መጣች።

«አባባ፣ ይህን ያህል አያስጨንቋቸው። ፕሮግራም ያውጡላቸው፤ ግን ፍሌክሰብል ይሁን።»

«ምን ይሁን?»

«ላላ ያለ። ሰዓቱ ቢዛነፍ ግድ የለም፤ የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚመጣ ግን ልጆቹ ይወቁት።»

«እንደ ቀንበር ማነቆ በይኛ! ቢጠብቅ በሬውን ያቆስላል፣ ቢላላ ይወልቃል።»

«እንዲያ ነው!» ብላ ሳቀች።

ሰዓት የለኝም። አገር ቤት ቀኑን በጥላ እንደምለካው፣ እዚህም የልብስ ማስጫውን ምሰሶ ጥላ ያዝኩ። ጥላው ቧንቧው ጋ ሲደርስ ፊደል። ደረጃውን ሲነካ ባቄላና ሽምብራ ይለያሉ፤ እየለዩ ይቆጥራሉ። ቀጥሎ በጭቃ በሬ ይሠራሉ፤ ምሳ በልተው ይተኛሉ። ደመና ሲሆን የዳኜ ሆድ ሰዓቱን ይነግረናል።

ተኩስ ሲጀምር ግን ፕሮግራሙ አንድ ነው፤ አልጋ ሥር። አንድ ቀን ባቄላ ስንለቅም ጥይት ቆርቆሮውን በስቶ ጄሪካኑን መታው። ውሃው ባቄላችንን ይዞት ሄደ። አልጋ ሥር ልጆቹ ሲንቀጠቀጡብኝ የጅቡንና የአህያዋን ተረት ጀመርኩላቸው። በእኛ ዘንድ ተረት በቀን አይወራም፤ በቀን ያወራ ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል። እኔ ደግሞ አባቴ ያለኝን አላፈርስም። አልጋ ሥር ጨለማ ነው፣ እንደ ማታ ይቆጠር ብዬ ራሴን ደለልኩ። ተኩሱ ሲያቆም ተረቱንም አቆምኩ። «ጨርስልን!» ቢሉኝ «ፀሐይ ናት!» ብዬ ጎትቼ አወጣኋቸው። ማታ እንዳልጨርስላቸው እናታቸው ደክማ ትገባለች፤ መብራት አጥፍተን እንተኛለን። በተተኮሰ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያልን ወራት ሄደ።

ከዚያ ጸጥ ያለ ሳምንት መጣ። እኔ እግዜርን ሳመሰግን ዳኜ ይነጫነጫል። በአራተኛው ቀን ፊደል ላይ ሳለን ሹልክ ብሎ ወጣ። ወዲያው ቧ! ቧ! ቧ! ግቢው ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘውዴ የሽሮ ድስቷን ደፍታ ተጋደመች። እኔ ማስተዋልን ይዤ አልጋ ሥር ከገባሁ በኋላ ነው ዳኜ አለመኖሩን ያወቅኩት። አባቱ አውድማው ላይ እንደ ወደቀ ታየኝ። እየዳህኩ ስወጣ፣ ልጁ የቆርቆሮውን በር በድንጋይ ይነርተዋል።

«አባባ፣ ተተኮሰ! ግባና ጅቡን ጨርስልን!»

በጥፊ መታሁት። አፉ ደማ። ከዚያ ጉንጩን ዳበስኩት፤ በዚያው እጄ።

እትዬ ዘውዴ አቧራዋን እያራገፈች መጣች። «አንቱ ሰውዬ! እኛ ይብቃን ብለን ስንሳል፣ የእርስዎ ልጅ ጦርነት ይጠራልናል? አንዴ ይድገማትና ቤቴን ለቃችሁ ትወጣላችሁ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእርስዎማ ነው! ሽሮዬስ?»

ማስተዋልን ወንድምሽ ለምን እንዲህ ያደርጋል አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ። «ካልተተኮሰ ተረት የለማ!»

በማግስቱ ተረትን ፕሮግራም ውስጥ አገባሁት፣ ከባቄላው ቀጥሎ፣ በጠራራ ፀሐይ። አባቴ ይቅር ይበለኝ። ከብቱም እንደሆነ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይጠፋል? ደጃፉ ላይ ተቀምጬ «ጅቡም…» ስል ልጆቹ ተነሥተው አልጋ ሥር ገቡ። ጆሯቸውን ይዘው ጠበቁኝ። «ውጡ፣ ዛሬ ሰላም ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! እኔው ወለሉ ላይ ተጋድሜ አወራሁላቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ስንዝር ወደ በሩ እሸሻለሁ። ዳኜ ራሱን ማውጣት ጀምሯል። ማስተዋል ገና ናት።

ኔትወርክ በመጣ ቀን አገር ቤት ለቀረችው ለጥሩዬ ደወልኩ። ማስተዋል ስልኩን ነጠቀችኝ።

«እማማ፣ እዚያ ይተኮሳል?»

«ይተኮሳል ልጄ። ትናንትም ሲተኮስ ዋለ።»

«ታድለሽ! ተረቱን ማን ያወራልሻል?»

ጥሩዬ «አያትሽን ስጭኝ» አለቻት።

«አንተ ሰው» አለችኝ፣ «ምንድን ነው ያስተማርካቸው?»

ልነግራት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቆረጠ። ስደውል ዋልኩ፤ እስከ ዛሬም አልገባልኝም። አሁን ጥላው ደረጃውን አልፏል፣ ልጆቹ አልጋ ሥር ሆነው እየጠበቁኝ ነው። ተረቱን ልንገራቸውና እንደገና እሞክራለሁ።